ውጭ ሀገር ህክምና ለመማር ስታስቡ፦ ሀገር ከመምረጣችሁ በፊት የጎደለውን ቁጠሩ

«የትኛው ሀገር ይሻላል?» ይህን የማይጠይቅ የህክምና አመልካች እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ግን በጥያቄ ነው የምመልሰው። እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬት? ያላለቀ ዲግሪ? ያለቀ ዲግሪ?

ሰው ሀገር ሲያወዳድር የዩኒቨርሲቲ ስምና የከተማ ፎቶ ነው የሚያየው። ማመልከቻውን የሚገመግመው ሰው ግን ፎቶ አያይም። ይህ ኮርስ አለ፣ ያኛው የለም። ይህ ፈተና ተወስዷል፣ ያኛው ጊዜው አልፎበታል። በቃ። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ብቻ ነው፦ የጎደለኝን ለመሙላት ስንት ወር ይፈጃል? አንዱ ጉድለት በሦስት ወር ይሞላል። ሌላው ሁለት ዓመት ይበላል። በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ግን ሁለቱም አንዳንድ መስመር ናቸው። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት በር አለ

የህክምና ትምህርት ቤቶች በጥቅሉ በሁለት በር ያስገባሉ። አንደኛው ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ነው። ብሪታንያ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ሃንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ቻይና በዚህ በር ያስገባሉ። ትምህርቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው በር ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። አሜሪካና አብዛኛው ካናዳ እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ አራት ዓመት ህክምና። አውስትራሊያ ሁለቱንም በር ከፍታለች። ብሪታንያም ዲግሪ ላላቸው የአራት ዓመት አጭር ፕሮግራም አላት፤ ወንበሩ ግን ጥቂት ነው፣ ለውጭ አመልካች ጨርሶ የማይከፈትም አለ።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ «አሜሪካ ህክምና ላመልክት ነው» የሚል ልጅ እንግዲህ ገና ህክምና አያመለክትም። ኮሌጅ ነው የሚያመለክተው። ስምንት ዓመት ይቁጠር። «ፕሪሜድ» (ቅድመ ህክምና) የሚባለውም ብዙ ጊዜ ሰው እንደሚያስበው የዲግሪ ዓይነት አይደለም። ታሪክ ያጠና ሰው የተጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች ከወሰደ ማመልከት ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ዲግሪ ይዞ ወደ አውሮፓ የስድስት ዓመት ፕሮግራም የሚሄድ አለ። ይቻላል። ግን ከአንደኛ ዓመት ነው የሚጀምረው። የኢኮኖሚክስ ዲግሪው የጎደለችውን ኬሚስትሪ አይሸፍንለትም።

ዋናው ጣጣ፦ ኮርሶቹ

በቀጥታው በር ንጉሡ ኬሚስትሪ ነው። በብሪታንያ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በኤ ሌቭል (በሀገሩ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ኬሚስትሪና ባዮሎጂን፣ ወይም ከሁለቱ አንዱን ከሌላ ሳይንስ ጋር ይፈልጋሉ። ውጤቱ ሦስት ኤ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሰርተፍኬታችሁ ኤ ሌቭል ወይም ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ካልሆነ ሁለት ነገር አጣሩ። ያላችሁን ሰርተፍኬት ለቀጥታ መግቢያ ይቀበሉታል? ካልተቀበሉትስ ፋውንዴሽን የሚባለውን የአንድ ዓመት መሰናዶ ይቀበላሉ?

ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይቀልጣል። ፋውንዴሽን ለምህንድስና ወይም ለቢዝነስ በሰፊው ይሠራል። ለህክምና የሚቀበሉት ግን የተወሰኑ ናቸው። የሚቀበሉትም ራሳቸው የሚሰጡትን ወይም ስሙን ጠቅሰው የዘረዘሩትን ብቻ ሊሆን ይችላል። የዓመት ክፍያ ከፍሎ፣ ክረምቱን በርዶት፣ መጨረሻ ላይ «ይህንን አንቀበልም» መባል አለ። ከመክፈላችሁ በፊት የህክምና ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቁ። ፋውንዴሽኑን የሚሸጠውን ድርጅት አትጠይቁ። እሱማ «ችግር የለም» ነው የሚላችሁ።

ሃንጋሪ ትንሽ ለየት ትላለች። ሰመልዋይስ፣ ፔች፣ ሴገድና ደብረሰን የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ የራሳቸው የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መግቢያ ፈተናም አላቸው። ሰርተፍኬታችሁ በሌላው ዓለም ብዙ የማይታወቅ ከሆነ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ወረቀቱ ያላስረዳላችሁን እናንተ በፈተናው ታስረዳላችሁ። ለፈተናው ያልደረሰ ደግሞ የመሰናዶ ዓመት የሚሰጡበት መንገድ አለ።

ጣሊያን በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው ህክምና ጭራሽ የኮርስ ዝርዝር አትጠይቅም ማለት ይቻላል። 12 ዓመት የተማራችሁበትን ሰርተፍኬት ታቀርባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አይማት በሚባለው ፈተና ላይ ይወድቃል። በወረቀት ቀላሉ በር ይሄ ነው። ግን አትሳቱ፤ ቅድመ ሁኔታው ጠፍቶ አይደለም፣ ወደ አንድ ቀን ተጠቅልሎ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ። ዝርዝሩ ረጅም ቢመስልም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ተቀራራቢ ነው። ባዮሎጂ አንድ ዓመት ከነላቡ (ከነቤተ ሙከራ ሥራው)። ጠቅላላ ኬሚስትሪ አንድ ዓመት ከነላቡ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከነላቡ። ፊዚክስ አንድ ዓመት ከነላቡ። ባዮኬሚስትሪ አንድ ሴሚስተር። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ስታቲስቲክስ ይጨምራሉ።

እዚህ ላይ ነው የወር ስሌቱ የሚመጣው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቢጎድላችሁ «አንድ ኮርስ ናት» ብላችሁ አትናቋት። በተለምዶ ሁለት ሴሚስተር ናት። ከእሷ በፊት የጠቅላላ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር አለ። ከእሷ በኋላ ባዮኬሚስትሪ። አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚቆመው፤ ጎን ለጎን አይሄዱም። ስለዚህ ኬሚስትሪ ጨርሶ ያልነካ ሰው አምስት ሴሚስተር ሊቆጥር ይችላል። ፊዚክስ ቢጎድላችሁ ግን ከኦርጋኒኩ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ጊዜ አይጨምርባችሁም። ሁለቱም በዝርዝሩ ላይ አንዳንድ መስመር ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ላቡ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። አንድ የማውቀው ልጅ አራቱንም ሳይንስ በጥሩ ውጤት ጨርሷል። ላብ ውስጥም ስንት ከሰዓት አሳልፏል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን «ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ አራት ክሬዲት» ብቻ ነው ያለው። ላቡ ከሌክቸሩ ጋር ተጠቅልሎ ስለተመዘገበ ለብቻው አይታይም። ደብዳቤ እንዲጽፉለት የተማረበትን ሬጅስትራር ለወራት ሲመላለስ የዚያ ዓመት የማመልከቻ ጊዜ አለፈው። ላብ መውሰዳችሁ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ የኮርሱን ዝርዝር መግለጫና የላብ ሰዓቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አሁኑኑ አውጡ።

ከላብ የሚብሰው ግን የትምህርቱ ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአብዛኞቹን ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚሰበስበው አምካስ የውጭ ሀገር ትራንስክሪፕት አያረጋግጥም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቅድመ ሁኔታ የሚሏቸው ኮርሶች አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። 90 ክሬዲት እዚያ መማር አለባችሁ የሚሉም አሉ፤ ይህ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ላይ የውጭ ዜጋ ጨርሶ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እንግዲህ በሌላ ሀገር ሙሉ ዲግሪ ይዛችሁም አሜሪካ ላይ «ኮርሱ የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ።

ዝርዝሩን ያላሉም አሉ። ስታንፎርድ ኮርሶችን ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ካናዳ ያለው ማክማስተርም የተወሰነ ኮርስ ውሰዱ አይልም፤ ኤምካት ከሚባለው የአሜሪካና የካናዳ የህክምና መግቢያ ፈተናም የሚያየው የንባብና የትንተና ክፍሉን ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ልቡ ይዘላል። ግን ዝርዝሩ ስለላላ በሩ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። የካናዳ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውን በአብዛኛው ለዜጎቻቸውና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው የሚያስቀምጡት። «ምን ያስፈልጋል» የሚለውን ከማንበባችሁ በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ገጽ አንብቡ። ብዙ ድካም ይቆጥባል።

የትኛው ፈተና ለእናንተ ይስማማል?

ፈተናዎቹ የተለያዩ ሰዎችን ነው የሚወዱት። ኤምካት እውቀት ይፈልጋል። አራት ክፍል አለው፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ንባብና ትንተና፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው። ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ትቀመጣላችሁ። ወራት አጥንቶ መግባት የለመደ ሰው ይወጣዋል።

ዩካት የብሪታንያው ነው፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድም የራሳቸው ዩካት አላቸው። የሳይንስ እውቀት አይጠይቅም። ፍጥነትና አእምሮ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በአንድ ጥያቄ ጥቂት ሰከንድ። ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ዩካት ላይ የሚንገዳገድ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱም በርጋታ ማሰብን ለምዷል። በ2025 የቅርጽና የምስል ክፍሉ ወጥቷል፤ አሁን ጠቅላላ ውጤቱ ከ900 እስከ 2700 ነው። የቆየ የዝግጅት መጽሐፍ ከገዛችሁ ከፊሉን ለማይመጣ ነገር ታጠናላችሁ። ቢማት የሚባለው ሌላው መግቢያ ፈተናማ ከ2023 በኋላ ቀርቷል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅም ወደ ዩካት ዞረዋል። አሁንም «ለቢማት ተዘጋጁ» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ አልፋችሁት ሂዱ።

ጋምሳት ዲግሪ ላላቸው ነው። አውስትራሊያ፣ ብሪታንያና አየርላንድ ይጠቀሙበታል። ድርሰት ያስጽፋል፣ ጽሑፍ ያስተነትናል፣ ሳይንስ ያስቆፍራል። ከሳይንስ ውጭ የተማረና ብዙ የሚያነብ ሰው ተስፋ የሚያደርግበት ፈተና ነው ብል አላጋነንኩም፤ ሳይንሱን ግን በራሱ አጥንቶ መድረስ አለበት።

አይማት 60 ጥያቄ በ100 ደቂቃ ነው። ትክክለኛው 1.5 ነጥብ ይሰጣል። ስህተቱ 0.4 ይቀንሳል። ባዶ መተው ዜሮ ነው። የሚሞላው በግምት የሆነ ሰው እዚህ ይጎዳል።

ውጤት ያረጃል

ይህን ማንም በቅጡ አያነሳውም። ዩካትን በአንድ የማመልከቻ ዙር አንዴ ብቻ ነው የምትወስዱት፤ ውጤቱም ለዚያው ዙር ብቻ ነው። ካልተሳካ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። የኤምካት ውጤትን ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ይቀበላሉ፤ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ መፈተን ይፈቀዳል። ጋምሳት አራት ዓመት ይቆያል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። አይልትስና ቶፍል ሁለት ዓመት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የማያረጀውን መጀመሪያ፣ ቶሎ የሚያረጀውን መጨረሻ። ኮርስ፣ ሰነድ፣ ልምድ ይቅደሙ። የእንግሊዝኛ ፈተና ይከተል። የመግቢያ ፈተናው መጨረሻ ላይ። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከአይልትስ ነው፤ ቀላል ስለሚመስል። ከዚያ ኮርሱን ሲያሟላ አይልትሱ ይሞትበታል፣ እንደገና ይከፍላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ቋንቋ፦ ነጻ የሚባለው ትምህርት ዋጋ

ጀርመን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለባትም። ባደን ቩርተምበርግ የምትባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ታስከፍላለች። ይህን ሰምቶ የማይነቃ የለም። ግን ህክምናው የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው፤ ደረጃው በተለምዶ ሲ1 የሚባለው ከፍተኛ የቋንቋ ደረጃ ነው። ከባዶ ተነስቶ ሲ1 መድረስ ለብዙ ሰው ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሰርተፍኬታችሁ ለቀጥታ መግቢያ ካልበቃ ደግሞ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል የሁለት ሴሚስተር መሰናዶ አለ፤ ለህክምና ኤም ኩርስ የሚባለውን ነው የምትወስዱት። ከዚያ የማጠቃለያ ፈተና። ከዚያ ውጤታችሁ ከሌሎች የውጭ አመልካቾች ጋር ይወዳደራል፣ ለእነሱ የተመደበው ወንበር ደግሞ ትንሽ ነው። ይህ ሁሉ ከስድስት ዓመት ከሦስት ወሩ ትምህርት በፊት ነው። ገንዘብ የሌለው ግን ጊዜ ያለው ወጣት ከሆናችሁ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የቤተሰብ ኃላፊ ከሆናችሁ ግን ደግማችሁ አስቡ።

በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩትም ቢሆኑ ከሀገሩ ቋንቋ አያድኗችሁም። የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ታካሚው ግን ሃንጋሪኛ ወይም ጣሊያንኛ ነው የሚያወራው። በሦስተኛው ዓመት አካባቢ ሆስፒታል ስትገቡ «የት ነው የሚያምዎት?» ማለት ካልቻላችሁ ዝም ብላችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ትውላላችሁ። ቻይና ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመግባታችሁ በፊት ኤችኤስኬ 4 የተባለውን የቻይንኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። ይህ ቅድመ ሁኔታ በመግቢያው ገጽ ላይ ጎልቶ ላይጻፍ ይችላል፣ ግን ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ወረቀትና ልምድ

እዚህ አጠር ላድርገው። በፓስፖርታችሁና በትራንስክሪፕታችሁ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ ይሁን። በአንድ ፊደል ልዩነት ማመልከቻ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል፤ ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ የሚገለበጥ ስም ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ትርጉሙ በሕጋዊ ተርጓሚ ይሠራ። ሰነዱ የወጣበት ሀገር የአፖስቲል ስምምነት አባል ከሆነ አንድ ማኅተም ይበቃል፤ ካልሆነ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል መዞር አለ።

ልምድን በተመለከተ አሜሪካ ከሁሉም ትከብዳለች። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስንት ሰዓት እንደሚፈልጉ አይጽፉም፤ ሐኪም አጠገብ ቆሞ ማየት፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎትና ምርምር የሌለው አመልካች ግን ጎዶሎ ይመስላል። ብሪታንያ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ከልምዱ የተማራችሁትን ትጠይቃለች። ለ2026 መግቢያ ጀምሮ ዩካስ የሚባለው የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ሰብሳቢ የሚጠይቀው የግል መግለጫ ጽሑፍ በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ የድሮ ናሙና አትገልብጡ። ጀርመን ደግሞ የሦስት ወር የነርሲንግ ሥራ ትጠይቃለች፣ ግን ከመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና በፊት ይጠናቀቅ ነው የምትለው፤ የግድ ከመግባታችሁ በፊት አይደለም።

ገንዘብም ራሱ ቅድመ ሁኔታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ዜጋ የፌዴራል የትምህርት ብድር አያገኝም፤ የብዙ ዓመት ክፍያ አስቀድማችሁ በዝግ ሒሳብ አስቀምጡ የሚሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ በቤተሰብ ገቢ ይሰላል። ጀርመን ክፍያ ባይኖርም ለቪዛ የዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማሳየት አለ።

መውጫውን ሳታዩ አትግቡ

መጀመሪያ ላይ ልጽፈው የሚገባኝ ይህ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ላይ ብጽፈው አታነቡትም። ተመርቃችሁ የት ልትሠሩ ነው? የዚያ ሀገር የህክምና ፈቃድ ሰጪ ትምህርት ቤታችሁን ያውቀዋል? ህንድን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2021 ባወጣችው ደንብ ውጭ ተምሮ እዚያ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የ54 ወር ትምህርትና የ12 ወር ልምምድ በዚያው ውጭ ሀገር ተቋም ማሳየት አለበት፣ የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ መሆን አለበት። ይህን ሳያውቅ ሌላ ቋንቋ ወይም አጭር ፕሮግራም የመረጠ ሰው ዲግሪው እጁ ላይ ይቀራል። ሌሎች ሀገሮችም የየራሳቸው አላቸው።

አሜሪካ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ወርልድ ዳይሬክተሪ ኦፍ ሜዲካል ስኩልስ በሚባለው ዝርዝር ላይ ትምህርት ቤቱን ፈልጉ። ስሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ለአሜሪካ የሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ የሚቀበለው መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ከነዓመተ ምሕረቱ መኖር አለበት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በተለይ ፈተና ሳይጠይቅ፣ ኮርስ ሳይቆጥር «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ከክፍያ በፊት እዚያ ሂዱ።

እኔ ብሆን

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ብጨርስ፣ እንግሊዝኛዬም ደህና ቢሆን፣ ሃንጋሪና ጣሊያንን ጎን ለጎን አመለክታለሁ። አንድ ዓይነት ጥናት ለሁለቱም ፈተና ይሆናል። ሰርተፍኬቴ በቀጥታ ተቀባይነት ካለው ብሪታንያንም እጨምራለሁ፤ በዩካስ ለህክምና አራት ምርጫ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ የመጨረሻው ቀንም ከሌላው ትምህርት ቀድሞ ኦክቶበር 15 ነው።

የሳይንስ ዲግሪ ቢኖረኝ መጀመሪያ አውስትራሊያን አያለሁ። ጋምሳት ሲቆይ ደስ ይለኛል፤ ለውጭ አመልካች ኤምካትን የሚቀበሉም አሉ። አሜሪካን የማስበው ዲግሪዬ እዚያው ወይም ካናዳ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ እዚያ ሄጄ ኮርስ የምደግምበት ጊዜና ገንዘብ ሃንጋሪ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያደርሰኛል።

ከሳይንስ ውጭ ዲግሪ ቢኖረኝስ? ከኬሚስትሪ እጀምራለሁ። ሀገር ሳልመርጥ፣ ፈተና ሳልመዘገብ፣ ቅርቤ ባለ ኮሌጅ ማታ ማታ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጠቅላላ ኬሚስትሪ ከነላቡ እወስዳለሁ፤ ላቡ ትራንስክሪፕቱ ላይ ለብቻው እንደሚጻፍ ከመመዝገቤ በፊት ጠይቄ።